ባትሪው ለብቻው ይሸጣል

ዝናቡ የካስትሮን ቆርቆሮ ከንጋት ጀምሮ ሲወግር፣
እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ሚስማር በኪሎ ስሰፍር፣
ኤዱቪና ካርካሞ ገባች፣
ካፖርቷን አራገፈች፣
ወለሌን ሐይቅ አደረገች።

«ጂግሶ አሳየኝ» አለች፣ «ገመድ የሌለው፣
መሰላል ላይ ስወጣ እንደ ጅራት የማልጎትተው።»

ሌሙይ ደሴት ላይ አንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት አለች፣
የምዕራብ ግድግዳዋን ነፋስ ልጦት ራቁቷን የቀረች።
አምስት መቶ ሳንቃ ይጠብቃታል፤
የያንዳንዱ ጫፍ ክብ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት፣
አንዱ ያንዱን ትከሻ የሚሸፍን፣ ለዝናብ በር የማይከፍት።
መብራቱ እዚያ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል፣
እንደ ጎረቤት ድመት።

ሦስቱን ደረደርኩላት።

ሰማያዊው ቀላል ነው፣ እንደ ዳቦ ባንድ እጅ ይነሳል፤
ከነባትሪው፣ ከነሻንጣው፣ ዋጋውም ይቀመሳል።
አረንጓዴው አቧራ መንፊያ አለው፣ ግንባሩ ላይ መብራት፣
ፍጥነቱም ስድስት ዓይነት።
ዋጋውን ስነግራት፣
«ስንት ጥማድ በሬ ልሽጥ?» ብላ ወደዚያ ገፋችው።
ቀዩን ግን እንደ ገበያ ዶሮ ገልብጣ እግሩን አየችው።
አራት ጣት በቀራት ግራ እጇ ጨበጠችው፣
አምስተኛውን በልጅነቷ መላጊያ ማሽን ወስዶባታል፤
ቃታው ይደርስባት እንደሆነ ሦስቴ፣ አራቴ ለካችው።

«ጣቴን ሳነሳ ወዲያው ዝም ይላል፣
ወይስ እንደ ሰካራም ወሬውን ይቀጥላል?»

«ዝም ይላል» አልኳት።
«ባትሪውስ?»
ያን ጊዜ እኔ ዝም አልኩኝ።

ቀዩ ባዶውን ነው የመጣ። ባትሪው ለብቻው ይሸጣል፤
ለብቻው ደግሞ አልቋል።
ጀልባው ሐሙስ ይመጣ ይሆናል፣ ባሕሩ ከፈቀደ።
ቀይ ባትሪ በዚህ ከተማ ማን እጅ እንዳለ
የማያውቅ ሰው አልተወለደ።

አርቴሚዮ፣ ታናሽ ወንድሟ።
የአባታቸውን ወርክሾፕ ሲካፈሉ፣
እሱ ድሪሉን፣ ሁለቱን ባትሪ፣ ቻርጀሩን ያዘ፤
እሷ ደግሞ ማሰሪያውን፣ መላጊያዎቹን፣ ዕዳውን።
ሦስት ዓመት ሆናቸው።
መንገድ ላይ ሲተላለፉ እሱ ባሕሩን ያያል፣ እሷ ደመናውን።

እኔ ነጋዴ ነኝ። የሰው ቤት ምን አገባኝ?
ሰማያዊውን አስጠጋሁላት፣ የሲፕሬስ ቁራጭም ሰጠኋት፣ ትሞክረው ብዬ።
በእርሳስ ቅርፊት ሣለች፣ ተከትላ ቆረጠች።
ከላይ ሲታይ ምን ይወጣለታል!
እንጨቱን ገልብጣ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው፤
ምላጩ ከሥር ሸሽቶ ነበር፣ ሁለት ሚሊሜትር።
«ከላይ እውነት፣ ከታች ውሸት» አለችኝ፤
«ይህን ከባለ ምላሱ ችዬዋለሁ፣
ከብረት እንኳ አልችልም።»

ቀዩን ገዛች። ባዶውን።
ጥርሱ ደቃቅ ምላጭም አምስት ጨመረች፣
የረጠበ ብር እያላቀቀች ቆጠረች፣
ካርቶኑን ከካፖርቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች።
የእኔን ሐይቅ ትታልኝ።

ማታ ሱቄን ዘግቼ በጋምቦዋ በኩል ሳልፍ፣
ቤቶቹ በእንጨት እግራቸው ውሃው ውስጥ ቆመው፣ ማዕበሉ ከሥራቸው ሲዛቅ፣
ከአርቴሚዮ ወለል በላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣
ጥርስ በእንጨት ሲያላግጥ።
ቆመ።
«አትጫኚው፣ በራሱ ይሂድ!»
«መቼ ተጫንኩት?»
«አሁን፣ አሁን ስትጫኚው እያየሁ!»
ደግሞ ድምፁ ቀጠለ፣
ደግሞ ቆመ፣ ደግሞ ክርክር።

ዝናብ ላይ ብዙ አልቆምኩም፣ እራቴ ይቀዘቅዛል።
ባትሪው ላይ ካሉት አራት ነጥቦች
ስንቱ እንደሚበራ
ከመንገድ አይታይም።